የመጽሐፍ ሃያሲ፦ ንባቡ፣ ሥራውና የሙያው አደጋዎች

የመጽሐፍ ግምገማ አዲስ የወጣ መጽሐፍ ምን ይዞ እንደመጣና ምን ያህል እንደተሳካለት ገና ላላነበቡት ሰዎች የሚነገርበት የጽሕፈት ዘርፍ ነው። ከሥነ ጽሑፍ ምርምር የሚለየውም በዚሁ ነው። ተመራማሪው ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ የሌሎችን አስተያየት አገላብጦ፣ መጽሐፉን ለሚያውቁ ሰዎች ይጽፋል። ሃያሲው ግን ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ማንም ምንም ሳይል፣ አንዳንዴ በጥቂት መቶ፣ ሲበዛ በሁለትና በሦስት ሺህ ቃላት ብያኔውን ይሰጣል። ቢሳሳት የሚያመካኝበት ሰው የለውም። ብዙውን ጊዜ ራሱም ደራሲ ስለሆነ በሰፈረው ቁና መሰፈሩ አይቀርም። ስለ ሙያው አደጋ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ይህ ቂምና በቀል ነው። እኔ ግን የከፋው አደጋ ሌላ ነው ባይ ነኝ፤ ሃያሲው የሚተዳደረው በንባብ ነው፣ ሥራው ደግሞ ቀስ በቀስ የሚሸረሽርበት ይህንኑ ንባብ ነው።

አመጣጡ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ሥራ አባት ይፈለግ ከተባለ በ9ኛው መቶ ዘመን የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ የነበረው ፎጥዮስ ቀድሞ ይጠቀሳል። ለወንድሙ ለጣራስዮስ ብሎ ባዘጋጀው ሥራ ወደ 280 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንድ በአንድ ይዘታቸውን አጠር አድርጎ ጽፏል፤ ስለ ብዙዎቹ ደራስያን የአጻጻፍ ስልትም ያለ ይሉኝታ ፈርዷል። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ለምሳሌ ግሪካዊው ሐኪም ክቴስያስ ስለ ፋርስ የጻፈው ታሪክ ጠፍቶ፣ ስለ እሱ ከምናውቀው አብዛኛው የተገኘው ፎጥዮስ ካሰፈረው ማጠቃለያ ነው። ግምገማው ከተገመገመው መጽሐፍ በሕይወት ተረፈ ማለት ነው፤ ይህ ዕድል ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ሃያስያን ብቻ ነው የገጠማቸው።

በመደበኛነት እየታተመ መጻሕፍትን የሚገመግም ጋዜጣ የተጀመረው ግን በፓሪስ ነው። ዴኒ ደ ሳሎ የተባለው ሰው ጥር 5 ቀን 1665 «ዡርናል ዴ ሳቫን» የተባለውን ኅትመት አወጣ። አስተያየቱ ብዙዎችን ስላስቀየመ በሦስተኛው ወር ፈቃዱን ተነጠቀ። ኅትመቱ በቀጣዩ ዓመት እንደገና የጀመረው በሌላ፣ ጠንቃቃ በሆነ አዘጋጅ እጅ ነው። ሙያው ከነአደጋው መወለዱን ለማየት ከዚህ በላይ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

በለንደን ራልፍ ግሪፊትስ በ1749 «መንዝሊ ሪቪው»ን ሲያቋቁም የሚወጣውን መጽሐፍ ሁሉ ለመዳሰስ ተነሥቶ ነበር። በ1756 ተቀናቃኙ «ክሪቲካል ሪቪው» ተከተለ፤ አዘጋጁ ልቦለድ ጸሐፊው ቶባያስ ስሞሌት ነበር። ስሞሌት አድሚራል ቻርልስ ኖውልስ የጻፈውን አንድ ትንሽ መጽሐፍ ሲገመግም ከጽሑፉ አልፎ ወደ ሰውየው ዘለለ፤ ብልሃት የሌለው አድሚራል፣ ዕውቀት የሌለው መሐንዲስ፣ ቁርጠኝነት የሌለው መኮንን፣ እውነት የሌለው ሰው አለው። በ1760 ፍርድ ቤቱ 100 ፓውንድ ቀጥቶ ለሦስት ወር እስር ቤት አስገባው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ በኅትመት የወጣ ወለምታማ ጭራሽ መታሻ የለውም።

ከ1802 ጀምሮ የወጣው «ኤዲንበርግ ሪቪው»፣ በ1809 የተከተለው «ኳርተርሊ ሪቪው» እና በ1817 የመጣው የብላክውድ መጽሔት ግምገማን የፖለቲካ ጦር ሜዳ አደረጉት። ሃያሲው የመጽሐፉን ቁመት ከመለካቱ በፊት ደራሲው የየትኛው ወገን ሰው እንደሆነ ያጣራ ነበር። በ1806 ገጣሚው ቶማስ ሙር በደረሰበት ትችት ተቆጥቶ የ«ኤዲንበርግ»ን አዘጋጅ ፍራንሲስ ጄፍሪን ለሽጉጥ ግጥሚያ ጠራው። ለንደን ዳር ባለው በቾክ ፋርም ሜዳ ሊታኮሱ ሲሉ ፖሊስ ደርሶ ያዛቸው፤ ሁለቱ ሰዎች በኋላ ወዳጆች ሆኑ፤ ነገሩም መሳለቂያ ሆኖ ቀረ። በ1821 የሆነው ግን ሳቅ የለውም። የ«ለንደን መጋዚን» አዘጋጅ ጆን ስኮት ከብላክውድ ጸሐፊዎች ጋር የገጠመው የብዕር ውዝግብ ወደ ሽጉጥ ተሻግሮ በዚያው በቾክ ፋርም ሜዳ ቆሰለ፣ ከቀናት በኋላም ሞተ።

በዚያው ዓመት ሮም ውስጥ ያረፈው ጆን ኪትስም የሃያስያን ሰለባ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። እርግጥ በ1818 «ኳርተርሊ» እና ብላክውድ ያለ ርኅራኄ ዘልፈውታል። የገደለው ግን የሳንባ ነቀርሳ ነው። ተረቱን ያስፋፉት ራሳቸው ገጣሚዎቹ ሼሊና ባይረን ናቸው፤ ለሃያሲ ያን ያህል ኃይል መስጠት ለደራስያን የሚጥም ነገር ስላለው ይመስለኛል።

ስም አልባው ብዕር

ለረጅም ዘመን ግምገማ በአብዛኛው ያለ ፊርማ ይወጣ ነበር። በ1902 የተጀመረው የለንደኑ «ታይምስ» የሥነ ጽሑፍ ተጨማሪ ዕትም የጸሐፊዎቹን ስም ማውጣት የጀመረው በ1974 ነው። ስም መደበቁ ወጣቱ ሃያሲ አንጋፋውን ሳይፈራ እንዲናገር ያስችለዋል የሚል መከራከሪያ ነበረው፤ መከራከሪያው ከንቱ አይደለም። ግን ጨለማውን ተገን አድርጎ ወዳጁን የሚያወድስና ጠላቱን የሚወጋ መብዛቱ አልቀረም። ዋልተር ስኮት በ1817 «ኳርተርሊ» ላይ የገዛ ልቦለዶቹን ገምግሟል። ዋልት ዊትማን በ1855 የግጥም መድበሉን ሲያወጣ ማንነቱን ሰውሮ ስለ ራሱ የምስጋና ግምገማዎች ጽፏል። ሁለቱም ታላላቅ ደራስያን መሆናቸው ነገሩን ቀላል አያደርገውም፤ የስኮት ግን ቢያንስ ራሱን ለመንቀፍም የደፈረ ነበር።

ይኸው ፈተና በኢንተርኔት ዘመን መልኩን ለውጦ ተመለሰ። አማዞን በ1995 ሥራ ሲጀምር ገዢዎች ሁሉ ሃያሲ እንዲሆኑ በር ተከፈተ። በ2004 በካናዳው ገጹ ላይ በተፈጠረ የቴክኒክ ብልሽት የስም አልባ ገምጋሚዎች ትክክለኛ ስም ለጥቂት ቀናት ሲታይ፣ አንዳንድ ደራስያን የራሳቸውን መጽሐፍ ሲያሞግሱ ተገኙ። በ2007 የተከፈተውን ጉድሪድስን አማዞን በ2013 ሲገዛው ደግሞ፣ መጽሐፉን የሚሸጠውና ስለ መጽሐፉ የሚወራበት መድረክ ባለቤታቸው አንድ ሆነ።

ጠረጴዛው ላይ

የሃያሲ ሥራ የሚጀምረው መጽሐፉ ገበያ ላይ ከመዋሉ ሳምንታት ወይም ወራት ቀደም ብሎ ነው። አሳታሚው የሚልከው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው እርማት ያልገባበት ቅጂ ነው፤ ሽፋኑ ላይም ከታተመው ጋር ሳይመሳከር እንዳይጠቀስ የሚል ማሳሰቢያ ይሰፍርበታል። ጥቅስ ሳያመሳክር የላከ ሃያሲ ደራሲው ያረመውን ስሕተት ለዘላለም ያስርበታል።

ጉድለቱ በሃያሲው ብቻ ላይሆንም ይችላል። የሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» በ1851 ለንደን ውስጥ በሌላ ርእስ ሲታተም የመዝጊያው ክፍል ተዘልሎ ቀረ። ተራኪው በሬሳ ሣጥን ላይ ተንሳፎ መትረፉ የተነገረው በዚያች አጭር ክፍል ነበር። የለንደን ሃያስያን መርከቢቱ ከነሰዎቿ ከሰመጠች ታሪኩን ማን ተርፎ ነገረን ብለው ደራሲውን የዕደ ጥበቡን ሀሁ እንደማያውቅ አድርገው ወቀሱት። የተሰጣቸውን በትክክል አንብበዋል፤ የተሰጣቸው ነው ትክክል ያልነበረው። የአሜሪካ አንባቢ ሙሉውን መጽሐፍ ይዞ ሳለ የለንደኑ ወቀሳ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተስተጋባ።

አሁን ስለ ንባቡ። ባለ 400 ገጽ መጽሐፍ በሰዓት 40 ገጽ ለሚሄድ አንባቢ ሳይቋረጥ 10 ሰዓት ይወስዳል፤ የደራሲውን ቀደምት ሥራዎች ማገላበጥ፣ መጻፍና ማረም ሲታከልበት ሳምንቱ ያልቃል። ክፍያው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሃያሲው ጽሑፍ ርዝመት እንጂ በተነበበው መጽሐፍ ውፍረት አይሰላም። ስለዚህ ቀጭን መጽሐፍ ሲደርስ ደስ የማይለው ሃያሲ እምብዛም ነው፤ ሳያነብ የሚዘልም ይኖራል። መግቢያውን፣ የጀርባ ሽፋኑንና መደምደሚያውን ብቻ አይቶ የጻፈ ሰው የሚታወቀው ጥቅሶቹ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች ሲሆኑ ነው።

በደንብ የሚያነበውም ቢሆን እንደ ሌላው ሰው አያነብም። እጁ ላይ እርሳስ አለ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ባዶ ገጽ በቁጥር ይሞላል፤ «47 ጥሩ። 112 ተደግሟል። 203 ይህ ሰው መቼ ሞተ? 260 ለመክፈቻ ይሆናል።» ያ የመጨረሻው ማስታወሻ ነው ነገሩን ሁሉ የሚናገረው። ገጽ 260 ላይ ሰውየው ማንበቡን ትቶ መጻፍ ጀምሯል። ያሳቀው አረፍተ ነገር ገና ስቆ ሳይጨርስ ጥቅስ ይሆናል፤ ያሳዘነው ደግሞ ማስረጃ። ሐሳቡ ገጽ 50 ላይ ከቆረጠ ቀሪው 350 ገጽ ለተፈረደ ፍርድ ምስክር መልቀሚያ ነው።

ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለዚሁ ሲጽፍ ሕመሙን በትክክል አገኘው። የሃያሲው ሥቃይ መጥፎ መጽሐፍ ማንበቡ ብቻ አይደለም፤ ምንም ስሜት ስላልፈጠሩበት መጻሕፍት ስሜት ሲፈበርክ መኖሩ ነው። መፍትሔ ያለውም አብዛኞቹን መጻሕፍት በዝምታ ማለፍና ለጥቂቶቹ ቢያንስ 1,000 ቃል መስጠት ነበር። የጋዜጣ አዘጋጆች አልሰሙትም፤ ማስታወቂያ የሚገዙት አሳታሚዎች በዝምታ መታለፍ አይወዱምና።

ቨርጂኒያ ዉልፍ ደግሞ ከሁሉም ርቃ ሄደች። ከ1904 ጀምሮ ለጋዜጣ ስትገመግም የኖረችው ደራሲ በ1939 ባሳተመችው አጭር ጽሑፍ ሙያው በአደባባይ መሆኑ ይቅር አለች። ሃያሲው እንደ ሐኪም በግል ክፍል ተቀምጦ፣ ደራሲው ከፍሎ ገብቶ፣ ማንም ሳይሰማ የመጽሐፉን በሽታ ይነገረው ነው ሐሳቧ። ባሏ ሌናርድ በዚያው ኅትመት መጨረሻ ላይ አልስማማም ብሎ ማስታወሻ አከለበት፤ አንባቢውን ረሳሽው ነበር ነጥቡ። እኔም በባልየው ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ ደራሲ ከአደባባይ ግምገማ ለቀጣይ ሥራው የሚጠቅም ነገር ተምሮ አያውቅም የሚለው ትዝብቷ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

ጥላቻ፣ ምስጋናና ሕግ

ክፉ ግምገማ ጠላት ያፈራል። ይህ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አያስኬድም። የሚብሰው በምስጋና በኩል የሚመጣው ነው። የመጻሕፍት ዓለም ጠባብ ናት፤ ገምጋሚው፣ ተገምጋሚው፣ አዘጋጁና የሽልማቱ ዳኛ አንድ ግብዣ ላይ ይገናኛሉ። እከክልኝ ልከክልህ የሚጀምረው ያለ ምንም ስምምነት ነው። አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ሃርድዊክ በ1959 ባወጣችው መጣጥፍ የአገሯ የግምገማ ገጾች ሁሉን በሚያቅፍ ለስላሳ ውዳሴ መታፈናቸውን ጽፋ ነበር። በ1963 የኒው ዮርክ ጋዜጦች በአታሚዎች አድማ ተዘግተው አሳታሚዎች ማስታወቂያ የሚያወጡበት ቦታ ሲያጡ፣ እሷና ጓደኞቿ ክፍተቱን ተጠቅመው «ኒው ዮርክ ሪቪው ኦቭ ቡክስ»ን መሠረቱ።

ምስጋናው እውነተኛ ሲሆን እንኳ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። «ድንቅ ሊሆን ይችል የነበረው ሐሳብ 600 ገጽ ውስጥ ሰምጧል» ብሎ የጻፈ ሃያሲ ጀርባ ሽፋኑ ላይ «ድንቅ... ሐሳብ!» ተብሎ ከነስሙ ሊታተም ይችላል። ልምድ ያላቸው ሃያስያን ለዚህ ሲሉ መቀስ የማይገባበት አረፍተ ነገር መጻፍ ይማራሉ።

በሕግ በኩል ዋናው መስመር በአስተያየትና በፍሬ ነገር መካከል የተሰመረው ነው። «መጽሐፉ አሰልቺ ነው» ማለት በአብዛኛው አገር አያስከስስም፤ «ደራሲዋ አነጋገርኳቸው ያለቻቸውን አላነጋገረችም» ማለት ግን እውነት ካልሆነ ያስጠይቃል። በ2011 አንድ የለንደን ጋዜጣ በግምገማ ውስጥ በወጣ የዚህ ዓይነት የፍሬ ነገር ስሕተት 65,000 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ የአንድ የሕግ መጻሕፍት መገምገሚያ ድረ ገጽ አዘጋጅ፣ ሌላ ምሁር የጻፈውን ግምገማ የመጽሐፉ ደራሲ ብትጠይቀውም ከገጹ አላወርድም በማለቱ በስም ማጥፋት ወንጀል ተከሶ ቀረበ። ግምገማው ጨዋና አጭር ነበር። ፍርድ ቤቱ አዘጋጁን በነጻ አሰናብቶ ከሳሿ 8,000 ዩሮ እንድትከፍል አዘዘ።

ንባቡን የሚያተርፉ

ለረጅም ዓመታት በሙያው የቆዩ ሰዎች ንባባቸውን ለማዳን የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። አንዳንዱ መጽሐፉን መጀመሪያ ያለ እርሳስ አንብቦ ከቀናት በኋላ ምልክት እያደረገ ይደግመዋል፤ ውድ ዘዴ ነው፣ ክፍያው እጥፍ አይሆንምና። ሌላው ማንም አስተያየቱን የማይጠይቀውን አሮጌ መጽሐፍ ሁልጊዜ አጠገቡ ያኖራል። ገጣሚው ደብልዩ ኤች ኦደን መጥፎ መጽሐፍን ማጥቃት ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም ያበላሻል ይል ስለነበር የሚጠላውን አለመቀበልን ይመርጥ ነበር። ይህ ሁሉም ሊከተለው የሚችል ምክር አይደለም፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሃያሲ የሚመጣለትን ነው የሚገመግመው፤ ሁሉም መጥፎውን ከሸሸም የማይገባ ዝና የሚነካው አይኖርም።

ግምገማዎቻቸውን በመጽሐፍ የሚያሰባስቡ ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥማቸዋል። ያኔ የናቁት መጽሐፍ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ ያኔ ያነገሡት ደግሞ ከኅትመት የወጣ ሊሆን ይችላል። ማረም አንባቢን ማታለል ይሆናል፤ አለማረምም ራስን ማጋለጥ። ብዙዎቹ ጽሑፉን እንዳለ ትተው ከግርጌው መጀመሪያ የወጣበትን ዓመትና የጋዜጣውን ስም ያክላሉ።