ስም መቀየር ታግ ማድረግ አይደለም
ፒያሳ ቁጭ ብዬ የድሮ ካሴት ወደ ኤምፒስሪ እገለብጣለሁ። ካሴቱ አያስቸግረኝም። የሚያሰለቸኝ ሰዉ ፍላሹን ይዞ እየተመለሰ «ስሙን በሙሉ አስተካክዬ መኪናው አሁንም ‹ትራክ 1› ይለኛል፣ ፍላሽህ ችግር አለበት» ሲለኝ ነው።

ኧረ ፍላሹ ምንም አልሆነም! ያስተካከልከው የፋይሉን ስም ነው። ታግ የሚጻፈው ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ርዕስ፣ ዓመት እያለ። ብዙ የመኪና ማጫወቻ የሚያነበው ደግሞ ያንን ነው። አንድ ደንበኛዬ ሌሊቱን ሙሉ አንድ በአንድ ሪኔም ሲያደርግ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ደግነቱ ሁሉንም በአንድ መልክ ነው የጻፈው፦ መጀመሪያ ዘፋኙ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ርዕሱ። እንዲህ ከሆነ ኤምፒስሪታግ የሚባለው ፕሮግራም (ዊንዶውስ ላይ ነጻ ነው) ሰረዙን አይቶ ስሙን ወደ ታግ ይገለብጠዋል፣ ያውም የፎልደሩን በሙሉ ባንዴ። ያዘዝነው ማኪያቶ ሳይመጣ ጨረስን። ሰውየው ከመደሰት ይልቅ ተናደደ፤ አልፈርድበትም።

«ሁሉንም መርጬ አንዴ ብጽፍ ያልቃል» የሚሉም አሉ። ዘፋኝና አልበም ላይ አዎ። ርዕስ ላይ ከሞከርከው ግን ካሴቱ በሙሉ አንድ ዘፈን ይሆንልሃል። እባክህ መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጥ።

«ታግ ድምፅ ያበላሻል»፦ አያበላሽም፣ ድምፁን አይነካውም።

«አማርኛ አይቀበልም»፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመጀመሪያው አይዲስሪ (ኤምፒስሪ ውስጥ ታግ የሚጻፍበት ደንብ) ጠቅላላው 128 ባይት ነበር፣ ለርዕስ 30 ብቻ፣ ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። በ1999 የመጣው የአይዲስሪ ስሪት 2.3 ግን ዩኒኮድ (የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዘው የኮምፒውተር አጻጻፍ) ስለሚችል አማርኛ ይቀበላል። ኮምፒውተርህ ላይ በትክክል እየታየ መኪናው ላይ አራት ማዕዘን ብቻ ከሆነ፣ ፊደሉ የሌለው መኪናው ነው።

ይልቅ የሚያስቸግረው የእኛው አጻጻፍ ነው። ግማሹን «ጥላሁን ገሠሠ»፣ ግማሹን «ጥላሁን ገሰሰ» ብለህ ከጻፍክ ማጫወቻው ሁለት ዘፋኝ አድርጎ ይከፍልልሃል። እኔ በንጉሡ ሠ ነው የምጽፈው። አንተ በእሳቱም ጻፈው ግድ የለኝም፣ ብቻ አንዱን ያዝና የእሱን ዘፈኖች በሙሉ መርጠህ ዘፋኝ የሚለው ላይ አንዴ ጻፍበት።