ስለ ጓሮ ጌሾ የሚነገሩ ስሕተቶች

ሥራዬ ችግኝ ማፍላት ስለሆነ ስለ ጌሾ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ብዙዎቹ መልሱን ይዘው መምጣታቸው ነው፤ ያም መልስ በየጓሮው ደህና ተክል ሲያደርቅ አያለሁ።

«ጌሾ የትም ይበቅላል።» አይበቅልም። ጌሾ የወይና ደጋና የደጋ ተክል ነው፤ በአገራችን የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ያለው ከፍታ ነው። ሞቃት ቆላ ወስዶ ተክሎ ሲደርቅ ችግኙን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

«እሾህ ስላለው አጥር ይሆናል።» እሾህ ያላቸው አንዳንድ ዘመዶቹ ናቸው፤ የእኛ ጌሾ እሾህ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ስለሆነ ከአጥር ጥግ ቢተከል ያምራል፤ ከብት ግን አይመልስም።

«ውሃ አይበዛበትም።» በዱር ወንዝ ዳርና ጫካ ጥግ ስለሚታይ ነው ይህ የሚባለው። እርጥበት መውደድና ውሃ ተኝቶበት መዋል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል።

«ቅርንጫፍ ቆርጦ መሰካት ይበቃል።» አልፎ አልፎ ይይዛል፤ አብዛኛው ግን ይደርቃል። አስተማማኙ መንገድ ዘር ነው። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፤ የሚለቀመው ጠቁሮ ሲበስል ነው። ሥጋውን አሽታችሁ እጠቡት፣ ዘሩን ጥላ ላይ አድርቃችሁ ሳይቆይ ዝሩት። ለመብቀል ሳምንታት ስለሚፈጅ መደቡን ቶሎ አትገልብጡት። ችግኙ ሲጠነክር ክረምቱ እንደገባ ይተከላል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጨመረው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሁን እንጂ ከበረት የወጣ ትኩስ እበት አይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «ጌሾ የሚወፍረው ሙልጭ ተደርጎ ሲለቀም ነው።»

ይህን አባባል ባለፍኩበት ሁሉ እሰማዋለሁ፤ በዓል በደረሰ ቁጥር ደግሞ ውጤቱን በየአጥሩ አየዋለሁ። ተክል የሚመገበው በቅጠሉ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራው እዚያው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ሥሩም የሚያድገው ከዚያ በሚወርድለት ነው። ቅጠሉን በሙሉ ስትወስዱበት አዲስ ለማውጣት ከሥሩና ከግንዱ ቆጥቦ ያስቀመጠውን ይበላል። እናም አዲስ ቅጠል ያወጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለምለሙን ቡቃያ አይቶ «ይኸው ወፈረ» ይላል። ቀጥሎ ያለው በዓል ሲመጣ እንደገና ሙልጭ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ቅጠል ያነሰና የገረጣ ነው።

አለቃቀሙ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ብዙ ሰው ቅርንጫፉን ጫፉ ላይ ይዞ በሌላኛው እጁ ወደ ታች ይሸመጥጠዋል። እንዲህ የተሸመጠጠ ቅርንጫፍ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቅጠሉ የተነቀለበት ቦታ ሁሉ ቅርፊቱ በቀጭኑ ተገሽልጦ ነጩ እንጨት ይታያል። በቅጠሉና በቅርንጫፉ መገናኛ ላይ የነበረችው የሚቀጥለው ቅርንጫፍ እንቡጥም አብራ ሄዳለች። ከዚያ ቦታ ምን እንዲበቅል ነው የሚጠበቀው?

አንዲት የሰፈሬ እናት ከእኔ ዘንድ ችግኝ ወስደው ገና በወጉ ሳይጠና ለፋሲካ አራቆቱት። «እማማ፣ ግማሹን እንኳ ይተዉለት» ብላቸው «ልጄ፣ እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው» አሉኝ። እናታቸው የሚለቅሙት ግን ዕድሜ የጠገበ ዛፍ ሊያህል የደረሰ ጌሾ ነበር፤ ጌሾ እኮ ካልቆረጡት እስከ 6 ሜትር ይደርሳል። እንዲያ ያለው ብዙ ይችላል። የእርሳቸው ችግኝ የሚቀጥለውን በጋ አላለፈም። በዚያው ክረምት የተተከለው የጎረቤታቸው ጌሾ ዛሬም ይለቀማል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ምንም አትንኩት። ከዚያ በኋላ የጠናውን የታችኛውን ቅጠል አንድ በአንድ ቀንጥሱ ወይም በመቀስ ቁረጡ፤ ከጫፍ ያለውን ለጋ ተዉት። ቢያንስ ግማሹ ቅጠል ዛፉ ላይ ይቅር። ለጠጅ እንጨቱን የምትፈልጉም ስለታም ማጭድ ወይም መቀስ ተጠቀሙ እንጂ አትገንጥሉት። ፍላጎታችሁ ከአንድ እግር በላይ ከሆነ ሦስት አራት ተክላችሁ በየተራ ልቀሙ።

ሰው እንዲህ የሚያራቁተው አንድም «ጠላውን የሚያፈላው ጌሾ ነው፤ ሲበዛ ይጠነክራል» ብሎ ስለሚያምን ነው። ጥንስሱ በጌሾና በውሃ ስለሚጀመር እንዲያ ይመስላል። የሚያፈላው ግን እርሾ ነው፤ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ እርሾው ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል። የጌሾ ድርሻ ምሬቱን መስጠትና ጠላውን የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች መግታት ነው። ያለመጠን ቢጨመር መጠጡ ይመራል እንጂ አይጠነክርም።

በመጨረሻ፣ «ተባይ ሲይዘው መድኃኒት መርጨት ነው» ለሚሉ፦ ይህ ቅጠል ተሰጥቶ፣ ተወቅጦ በቀጥታ መጠጥ ውስጥ የሚገባ ነው። የረጫችሁትን ትጠጡታላችሁ። አባጨጓሬውን በእጅ ልቀሙት፤ ክሽክሹን በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።