«ገመድ ገመድ ነው» እና ሌሎች የኔትወርክ ዝርጋታ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ኔትወርክ መዘርጋት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከመርካቶ ሱቆች እስከ ፈረንጅ አራዳ አሮጌ ቤቶች ድረስ ኮርኒስ ላይ ወጥቼ አቧራ ቅሜያለሁ። ከአቧራው ይልቅ የሚያደክመኝ ግን ክርክሩ ነው። ደንበኛው አንድ ነገር ሰምቷል፣ ከእኔ በፊት የመጣው ልጅ ደግሞ ሌላ ብሎታል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላስቀምጣቸው።

«ገመድ መደርደር ለውበት ነው»

«ጠረጴዛ ሥር ነው፣ ማን ያየዋል?» ይሉኛል። የሚያየውማ አለ። ሲበላሽ የሚጠራው ሰው ያየዋል።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቢሮ በሥራ ሰዓት ኔትወርኩ ቀጥ ብሎ ተጠራሁ። የስዊቹን (የኔትወርክ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ማከፋፈያ ነው) ሳጥን ስከፍተው ሃያ ምናምን ሰማያዊ ገመድ እንደ ወፍ ጎጆ ተጠላልፏል። አንዱም ላይ ቁጥር የለም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አንድ ሠራተኛ ወለል ላይ የወደቀ የገመድ ጫፍ አይቶ «ይሄማ ወልቆ ነው» ብሎ በቅንነት ግድግዳው ላይ ሰክቶታል። ሌላኛው ጫፍ ግን እዚያው ኔትወርክ ላይ ተሰክቶ ነበር። ስለዚህ ስዊቹ የላከው መረጃ ዞሮ ወደ ራሱ ይመጣል፣ እሱም መልሶ ይልከዋል። ይሄ ዙር በጥቂት ሴኮንድ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ያቆማል። ብዙዎቹ ርካሽ ስዊቾች መከላከያ የላቸውም።

መፍትሔው አንዲት ገመድ መንቀል ነበር። የትኛዋን እንደሆነ ለማወቅ ግን ግማሽ ቀን ፈጀ።

እኔ አሁን ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር እጽፋለሁ፣ ጽሑፉ እንዳይለቅ በላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር እጠቀልላለሁ። «7 ቁጥር የሂሳብ ክፍል፣ 8 ቁጥር ካሜራ» የሚል ወረቀት ደግሞ የሳጥኑ በር ውስጥ ይለጠፋል። ማንም ባለሙያ ቢመጣ እኔን ደውሎ መጠየቅ የለበትም።

«ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ነው ጥሩ ሥራ»

እዚህ ላይ ራሴም ጥፋተኛ ነበርኩ። በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጌ አስሬ፣ ጥግ ላይ እንደ ወረቀት አጥፌ፣ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ እልክ ነበር።

ኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘው አራት ጥንድ ሠርተዋል። ጥምዘቱ የአንዱ ጥንድ ምልክት ሌላውን እንዳይረብሽ ይከላከላል። ማሰሪያው ሲደፈጥጠው ወይም ጥግ ላይ ሲታጠፍ ይህ አቀማመጥ ይበላሻል። ልኩ የታወቀ ነው። የመታጠፊያው ራዲየስ ከኬብሉ ውፍረት ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ኬብሉ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ራዲየሱን ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር አድርገህ ታዞረዋለህ ማለት ነው። ማሰሪያውም በጣት ሲገፋ መንቀሳቀስ አለበት። ቬልክሮ ቢሆንማ ይመረጣል፤ ነገ ገመድ ሲጨመር በመቀስ መቁረጥ የለም።

ቤት ድረስ የሚገባው የፋይበር ገመድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ውስጡ ብርጭቆ ነው። ትርፉን አጥፎ ከሶፋ ጀርባ የወተፈ ሰው ብርሃኑ መታጠፊያው ላይ ያመልጥበታል፣ እሱ ግን «ኢንተርኔቱ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» ይላል።

«ቴስተሩ ስምንቱንም ካበራ አለቀ»

ቴስተር የኬብሉን ስምንት ሽቦዎች አንድ በአንድ በመብራት የሚፈትሽ መሣሪያ ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ባለሙያ የሚወድቀው እዚህ ነው።

«ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ የቀለሙ ቅደም ተከተል ግድ የለውም» የሚል ነገር ከልጅ እስከ አዋቂ ይነገራል። እኔም አምኜ አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ ወደ አርባ ሜትር ኬብል ዘረጋሁ። ቀለሞቹን ባማረ መንገድ ደረደርኳቸው። ብርቱካናማው ከነጩ ጋር፣ አረንጓዴው ከነጩ ጋር፣ ሰማያዊው ከነጩ ጋር፣ ቡናማው ከነጩ ጋር። ቴስተሩ ከአንድ እስከ ስምንት ቲክ ቲክ እያለ አረንጓዴ አበራ። ብሬን ተቀብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። መስመሩ ይሠራል፣ ይቆማል፣ ይንቀረፈፋል። ኮኔክተሩን (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) ሁለቴ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ጥፋቱ ለካ አደራደሬ ላይ ነበር። ኔትወርኩ የሚጠቀመው ከመሰኪያው ስምንት ቦታዎች 1ን ከ2፣ 3ን ከ6፣ 4ን ከ5፣ 7ን ከ8 ጋር አጣምሮ ነው። የእኔ ድርደራ ግን 3 ላይ አረንጓዴ ጥንድን፣ 6 ላይ ሰማያዊ ጥንድን አስቀምጧል። አብረው መሥራት ያለባቸው ሁለት ሽቦዎች አብረው አልተጠማዘዙም። ቴስተሩ የሚያየው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው፤ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያውቅም። ሦስት ሜትር ላይ ችግሩ አይታይም፣ አርባ ሜትር ላይ ግን ጉድ ያፈላል።

ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይሄ ነው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። መሃል ላይ አረንጓዴዎቹ ሰማያዊዎቹን እንዳቀፉ ልብ በሉ። ለዓይን ዝብርቅርቅ ይላል፤ ልክ የሆነው ግን እሱ ነው። ጫፉ ላይ ሽቦውን ስትፈቱ ደግሞ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አታላሉት።

ማረፊያ ቤቱን በነጻ ደግሜ ሠራሁት።

«ገመድ ገመድ ነው»

ሁለት ካርቶን ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም 305 ሜትር፣ ሁለቱም ላይ «ካት 6» የሚል የኬብል ደረጃ ተጽፏል፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው» ይላል። አንሱት። ያለ ወጉ ከቀለለ ጠርጥሩ። ከዚያ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ነጭ ካብረቀረቀ አሉሚኒየም ነው፤ ላዩ ብቻ መዳብ ተቀብቷል።

አሉሚኒየም እንደ መዳብ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ደጋግሞ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። የኬብል ደረጃው የሚጠይቀው ሙሉ መዳብ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ምንም ቢጻፍ ይሄ አይቀየርም። ጉዳቱ በደንብ የሚታየው መብራቱን በዚያው ኬብል በሚወስድ ካሜራ ላይ ነው። ቀን ቀን ጥርት ብሎ ያሳያል። ሲመሽ የሌሊት ማያ አምፖሎቹ ይበራሉ፣ ካሜራው ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፣ ኬብሉ አያደርስለትም፣ ካሜራው ይጠፋል። ሌባ በሚመጣበት ሰዓት ማለት ነው።

«ካት 6 ካስገባሁ ኢንተርኔቱ ይፈጥናል»

አይፈጥንም። ጤነኛ ካት 5ኢ (ከካት 6 ዝቅ ያለው ደረጃ) እስከ 100 ሜትር ድረስ በሴኮንድ 1000 ሜጋ ቢት ያደርሳል። የገዙት ጥቅል 10 ሜጋ ከሆነ ሁለቱም ኬብሎች ያው 10 ሜጋ ነው የሚያመጡት። ለአዲስ ሕንፃ ካት 6 ማስገባት ጥሩ ነው፤ ግድግዳ ሁለቴ አይፈርስምና። ለፍጥነት ብሎ ያለውን ነቅሎ መቀየር ግን ገንዘብ መጣል ነው።

«ከመብራት ገመዱ ጋር በአንድ ትራንኪንግ ይሂድ»

220 ቮልት ከኔትወርክ ኬብል ጋር አንድ ቦይ ውስጥ አይተኛም። የሲግናል መረበሹ ይቅር፤ አይጥ ሁለቱንም ብትልጣቸው መብራቱ በኔትወርኩ በኩል ኮምፒውተር ድረስ ይመጣል። ለየብቻ ይሂዱ፤ የግድ መገናኘት ካለባቸውም በመስቀል ቅርጽ ይተላለፉ።

«እዚያ ማዶ ያለው ሕንፃ ድረስ በኬብል እንሳበው»

የጅማን ዝናብ የማያውቅ የለም። ሲዘንብ በመብረቅ ታጅቦ ነው። መብረቁ የግድ ገመዱን መምታት የለበትም፤ አቅራቢያ ቢወድቅ እንኳ በሁለት ሕንፃ መካከል የተሳበ የመዳብ ኬብል ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ያለው ስዊች ሊቃጠል ይችላል። ለቤት ውስጥ የተሠራው ኬብል ደግሞ ፀሐይ ሽፋኑን ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል። ከሕንፃ ሕንፃ ፋይበር ይሻላል፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረት ያለበትን ዓይነት ግን አትግዙ።

«ዳንቴል ዋይፋይ ይከለክላል»

አንዲት እናት ጓዳ ውስጥ ዋይፋይ አልደርስ ብሏቸው ጠሩኝ። ራውተሩ ሳሎን ቢፌ ውስጥ ተቀምጧል፣ በላዩ ላይ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ከእኔ በፊት የመጣው ልጅ ጥፋቱን በዳንቴሉ ላይ አላክኳል። እሳቸው ደግሞ አልተዋጠላቸውም።

«ልጄ፣ እውነት ዳንቴሉ ነው እንዴ?»

ጥጥ ሲግናል አያስቆምም። ያስቸገረው የቢፌው ጀርባ ነበር፤ መስታወት ነው፣ የመስታወት ጀርባ ደግሞ በስስ ብረት የተቀባ ነው። ብረት ዋይፋይን ይመልሳል። ራውተር የብረት ሳጥን ውስጥ የሚቆልፉ ቢሮዎችም ያው ነገር ነው የሚገጥማቸው። አውጥቼ ቢፌው አናት ላይ አስቀመጥኩት፣ ገመዱን በግድግዳው ጥግ አወረድኩት። ጓዳው ውስጥ ስልካቸው ሦስት መስመር አሳየ።

ዳንቴሉን መልሰው ሊያለብሱት ሲሉ ያዝኳቸው። የሙቀት መውጫ ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል፣ ራውተሩ ይግላል።

«ታዲያ ባዶውን ይቀመጥ?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ከሥሩ አነጠፍነው።