የሐይቅ ቆሮሶ፦ በወሎ ውሃዎች ዓሣ ማልማትና መጠበቅ

ወሎ ውስጥ ዓሣ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅ ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ተሁለደሬ ወረዳ ላይ ያገኙታል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከፍ ብሎ ደግሞ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። የአርዲቦ ውሃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከሐይቅ ግን ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። አፈሩም፣ ማዳበሪያውም፣ የከተማው ቆሻሻም ከገባ እዚያው ነው የሚቀረው።

ዛሬ በሐይቁ ዳር ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። ሰው አምጥቶ የጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዱባ የሚባለው ዓሣም (ካርፕ) እንዲሁ መጤ ነው። አምባዛ ግን ነባር ነው። ቆሮሶው በደንብ ተራባ፤ ለአጥማጁ እንጀራ ሆነ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገበያም ተረፈ። የውሃው ነገር ግን ሌላ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለኩት ተመራማሪዎች ሐይቁ በጣም ጥርት ያለ እንደነበር መዝግበዋል። ቆሮሶ ከገባ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ውሃው አረንጓዴ እየሆነ መጥቷል። አንዱ ማብራሪያ ይሄ ነው፦ ትንንሾቹ ቆሮሶዎች አልጌ የሚበሉትን ደቃቅ የውሃ እንስሳት ይበላሉ። በላተኛው ሲያልቅ አልጌው ይበዛል። ከተራራው እየታጠበ የሚመጣው አፈርም የራሱ ድርሻ አለው። ስለዚህ «ሐይቁን በዓሣ እንሙላው» ሲባል እኔ ትንሽ እፈራለሁ።

የዓሣ ጫጩት ውሃ ውስጥ የመልቀቅ ሥራ ራሱ ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለግድቦችና ለኩሬዎች ጫጩት ሲያቀርብ የቆየ ነው። ጫጩቶቹ ውሃና ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ከረጢት ታስረው በመኪና ይጓዛሉ። ፀሐይ ሳይበረታ ቢደርሱ ይመረጣል። ሲደርሱም ቶሎ አይደፉም። ከረጢቱ እንደታሰረ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሙቀቱ ሲመጣጠን አፉ ይፈታል፤ የሐይቁ ውሃ ቀስ እያለ ይገባል፤ ጫጩቶቹም ራሳቸው ይወጣሉ። እዚህ ላይ የተቻኮለ ሰው በነጋታው የሚለቅመው የሞተ ዓሣ ነው።

በሰሜን አውሮፓና አሜሪካ ወንዞች የሚለቀቀው ሳልሞን የተወለደበትን ወንዝ በጠረኑ ለይቶ ለመራባት ይመለሳል። በዚህ ምክንያት እዚያ የሚለቀቀው ጫጩት ከዚያው ወንዝ ዘር ቢሆን ይመረጣል። ቆሮሶ ይሄ ጣጣ የለበትም። የተረጋጋና ሞቅ ያለ ውሃ ካገኘ የትም ይራባል። ሐይቅ ውስጥ ደግሞ መራባት ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ጫጩት ከሩቅ ማጓጓዝ ለምን? የሚሻለው ያለውን እንዲራባ መተው ነው።

እንዴት እንደሚራባ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ወንዱ ዳር ላይ፣ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ፣ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። እስኪፈለፈልና ጫጩቱ ራሱን እስኪችል የምትበላው እምብዛም ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያቺን ሴት መረብ ሲይዛት ትተፋቸዋለች። ዳሩን እየጠረገ የሚጎተት መረብ ደግሞ ጉድጓዱንም፣ እናቲቱንም፣ ልጆቹንም አንድ ላይ ያወጣል። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብና ሞኖፊላመንት (ከነጠላ የናይሎን ክር የተሠራ መረብ) የሚወገዙት ለዚህ ነው።

ሕጉ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ፣ ቁጥር 315፣ ስለ ፈቃድና ስለ ማጥመጃ መሣሪያ ይደነግጋል። ችግሩ የሚመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ጾመኛው ሁሉ ዓሣ ይበላል ማለት አይደለም፤ ጉዳዩ ሲያከራክር የኖረ ነው። ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ትንሹም ቆሮሶ ገበያ ይወጣል። በዚያ ሰሞን አጥማጁን ብቻ መኮነን ልክ አይመስለኝም። መዳፍ የማታክል ዓሣ አዝዞ የሚበላውም አለበት።

ከመረብ ሌላ የውሃው መጠን አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ላይ ነበር፤ አሁን በእግር ይገባበታል። ላይ አርዲቦ ለመስኖ ሲጠለፍ ታች ሐይቅ የሚደርሰው ይቀንሳል። ውሃው ሲሸሽ መጀመሪያ የሚደርቀው ዓሣው የሚራባበት ዳር ነው።

የቦርከናን ወንዝ ብዙ አላነሳም። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ የሚገባው እዚያ ነው። ፍሳሹ ሳይጣራ ጫጩት መልቀቅ ገንዘብ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

ጫጩት በእርግጥ የሚያስፈልገው የመስኖ ኩሬ ያለው ገበሬ ነው። ባዶ ኩሬ ውስጥ ዓሣ ከየትም አይመጣም። ቆሮሶ ብቻውን ሲገባ ግን ያለ ልክ ይራባና ሁሉም ሳያድግ ይቀራል። መላው ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው፤ አምባዛ ትርፉን ጫጩት ይበላል፣ የቀረው ይወፍራል። አምባዛዎቹ የሚገቡት ግን ቆሮሶዎቹ ትንሽ ካደጉ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቆሮሶዎቹንም ይጨርሷቸዋል።