ኒውሰምን ያተረፈው 600 ዶላር አይደለም

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታክስ እሠራለሁ፤ ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሐበሾች ናቸው። የካሊፎርኒያው ገዥ ጋቪን ኒውሰም ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021 የሥልጣን ዘመኑ ሳያልቅ «ይውረድ ወይስ ይቆይ» ተብሎ ድምፅ ስለተሰጠበት ጉዳይ ያንኑ ስህተት መስማት መሮኛል።

«በዚህ መንገድ የወረደ ገዥ የለም።» የወረደ አለ። በ2003 የካሊፎርኒያው ገዥ ግሬይ ዴቪስ ወርዶ የፊልም ተዋናዩ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ተተካ።

«ፕሬዚዳንቱንም እንዲህ ማውረድ ይቻላል።» አይቻልም።

«ላሪ ኤልደር 48 ከመቶ አግኝቶ ለጥቂት አመለጠው።» ኤልደር ሊተካው የተወዳደረ ሪፐብሊካን የሬዲዮ አቅራቢ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ነበር፦ ይውረድ ወይ? ከወረደስ ማን ይተካው? በመጀመሪያው 61.9 ከመቶው «አይውረድ» ስላለ ሁለተኛው ዋጋ አጣ። 48ቱም የተሰላው ሁለተኛውን ከሞሉት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ባዶ ትቶታል።

«600 ዶላር በትኖ ድምፅ ገዛ።» ይቺን ስሰማ ሥራዬን አቁሜ እከራከራለሁ። ገንዘቡ ግዛቱ በኮቪድ ጊዜ የሰጠው ድጎማ ነው፤ የተከፈለውም የ2020 ታክስ ላስገባ፣ ገቢው ከ75,000 ዶላር ላልበለጠ ነዋሪ ነው። ዜግነት የጠየቀ የለም። በዲቪ የመጣች፣ ሆቴል የምታጸዳ ደንበኛዬ 600ውን አግኝታለች፤ ግሪን ካርድ ይዛ ግን መምረጥ አትችልም። ገቢው ከጣሪያው ያለፈ ሌላ ደንበኛዬ ሰባራ ሳንቲም ሳያገኝ «አይውረድ» ብሎ መርጧል። የማን ድምፅ ነው የተገዛው? የክፍያው ሰፊው ዙር ድምፁ ሊሰጥ ሲል መጀመሩ አልጠቀመውም አልልም፤ ያዳነው ግን እሱ አይደለም።

«ኢኮኖሚው አገግሞ ነው» የሚሉትም አልገባቸውም። ያገገመው የመንግሥት ካዝና ነው፤ ሀብታሞች ከአክሲዮን ባተረፉት ላይ በከፈሉት ታክስ ሞላ። ሠራተኛው ገና ነበር፦ በኦገስት 2021 የካሊፎርኒያ ሥራ አጥነት 7.5 ከመቶ፣ የአገሪቱ 5.2 ነበር።

ያተረፈው ሌላ ነው። ኒውሰም ዴሞክራት ነው፤ በግዛቱ የተመዘገቡ ዴሞክራቶች ሪፐብሊካኖችን በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። በ2003 የዴቪስ ምክትል፣ ዴሞክራቱ ክሩዝ ቡስታማንቴ፣ ራሱ ልተካ ብሎ ገብቶ ነበር፤ በ2021 ግን ከታወቁት ዴሞክራቶች አንድም አልተወዳደረም። ወረቀቱም ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ቤቱ ድረስ በፖስታ መጣ። ኤልደር ደግሞ የማስክና የክትባት ግዴታን አነሳለሁ ሲል ክርክሩ ከኒውሰም ወደ ኮቪድ ዞረ።

ዜግነት ያገኛችሁ፣ ተመዝገቡ። ፖስታው ላይ ደግሞ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ እጅ ፈርሙ። የሚስቱን ፖስታ ራሱ ፈርሞ ቢሮዬ ድረስ ያመጣ ሰው አለ፤ ፊርማው ከመዝገቡ ጋር ካልተመሳሰለ ድምፁ አይቆጠርም። አስተካክሉ የሚል ደብዳቤ ከምርጫ ቢሮ ከመጣላችሁ ቶሎ መልሱ።