የስንዴ ምርት ባሕርያት ልዩነት በጨዋማ አፈር ላይ፦ መካከለኛው አዋሽና ወረር

ጨው ባጠቃው መሬት ላይ የተለያዩ የስንዴ ዝርያዎች ጎን ለጎን ሲዘሩ እኩል አይጎዱም። አንዱ ገና በቡቃያው ይቃጠላል። ሌላው ቀጭጮም ቢሆን ዛላ ያወጣል። ጥቂቶቹ ደግሞ ፍሬያቸውን ሞልተው ይደርሳሉ። አዳቃዮች የሚጠይቁት ከዚህ ልዩነት በዘር የሚተላለፈው ስንቱ እንደሆነ፣ የአፈሩ ድርሻ ደግሞ ስንቱ እንደሆነ ነው። በአገራችን ጥያቄው ጎልቶ የሚነሳው መካከለኛው አዋሽ ላይ፣ በአፋር ክልል አሚባራ ወረዳ ነው።

የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው እዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር አካባቢ ነው። ማዕከሉ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱን የጥጥ ምርምር ተሸክሞ ኖሯል። ቆላ ላይ በመስኖ የሚለማ ስንዴ ዛሬ የሁሉም ወሬ ከመሆኑ በፊት ወረር በዚያ ሙቀት ስንዴ እየዘራ ይመዝን ነበር። ይህ ሊነገርለት ይገባል።

ጨው ወደዚህ መሬት የመጣበት መንገድ በደንብ ይታወቃል። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በመልካ ሰዲና በአሚባራ የጥጥ እርሻ በፍጥነት ተስፋፋ። የአዋሽ ውኃ ራሱ ያን ያህል ጨዋማ አይደለም። ችግሩ ውኃው መውጫ ማጣቱ ነው። ከቦይ የሚሰርገውና ከሚያስፈልገው በላይ የሚለቀቀው ውኃ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ ገፋው። አካባቢው ሞቃት ነው፤ የሚተነው ውኃ ከዝናቡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውኃው ሲተን ጨው መሬቱ ላይ ይቀራል። ማሳው ነጭ ይለብሳል። የማጠንፈፊያ ቦይ ዘግይቶ ቢመጣም ሁሉንም ማሳ አላዳነም። እየተተዉ የሄዱትን ማሳዎች አፋሮች «ደርጊ ሐራ» የሚሉት ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ መጤ ዛፍ ወረሳቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ በጨው የተጠቃው መሬት 11 ሚሊዮን ሄክታር ነው ይባላል። ቁጥሩ በየጽሑፉ ይደጋገማል። ግን የቆየ ግምት ስለሆነ በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል።

ጨዋማነት የሚለካው ከአፈር በተጨመቀ ውኃ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም ነው። ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይባላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠራበት ስሌት የስንዴ ምርት መቀነስ የሚጀምረው ከ6 በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዴሲሲመንስ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጨዋማነቱ 10 በሆነ ማሳ ላይ፣ በደህና አፈር 40 ኩንታል የሚሰጥ ሄክታር ወደ 29 ኩንታል ይጠጋል ማለት ነው። ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ይታገሣሉ። ስለዚህ ጥጥ ደህና የበቀለበት ማሳ ለስንዴም ደህና ነው ብሎ መዝራት ያሳስታል።

ጉዳቱ በሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ጨው ውኃውን ስለሚይዘው ተክሉ ማሳው እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠማል። ከአንድ ሥር የሚወጡት አገዳዎች ያኔ ይቀንሳሉ፤ ይህም ብዙውን ምርት ይወስዳል። ቀጥሎ ሶዲየም በቅጠሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ያረጀዋል፤ የሺህ ፍሬ ክብደት የሚወርደው በዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ዝርያዎች እኩል ኩንታል ቢሰጡም መንገዳቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ አገዳ ሳያጣ የደረሰ፣ ሌላው ፍሬውን ያዳነ ይሆናል። ሁለቱን ማዳቀል የሚያጓጓውም ለዚህ ነው።

ምርትን ብቻ አይቶ መምረጥ ግን አያዋጣም። ጨዋማ ማሳ ዥንጉርጉር ነው። በጥቂት እርምጃ ልዩነት ጨው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምርት ተወራሽነት፣ ማለትም ከልዩነቱ በዘር የሚተላለፈው ድርሻ፣ ዝቅ ብሎ ይታያል። የተክል ቁመት፣ ዛላ የማውጫ ጊዜና የሺህ ፍሬ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከምርት የተሻለ ይወረሳሉ።

በዓለም ደረጃ ጨው በመቻል ብዙ የሚጠቀሰው ከራጃስታን የመጣው ካርቺያ የተባለ የሕንድ ዘር ነው። ካርናል ያለው የሕንድ የጨዋማ አፈር ምርምር ተቋም ከእርሱ ደም ኬ.አር.ኤል. የሚባሉትን ዝርያዎች አውጥቷል። ግብፅም ሳካ በተባለው ጣቢያ የራሷን ሠርታለች። የዳቦ ስንዴ ፓስታ ከሚሠራበት ከዱረም ስንዴ ይልቅ ሶዲየምን ከቅጠሉ ማራቅ ይችላል። ምክንያቱ ዱረም የሌለው ሦስተኛ የክሮሞዞም ስብስብ ስላለው ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከጥንታዊ ስንዴ የተወሰደ ጂን ዱረም ውስጥ አስገብተው፣ በጨዋማ ማሳ ምርቱ እስከ 25 በመቶ መጨመሩን በ2012 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። የአገራችን ነባር ስንዴ በአብዛኛው የዱረም ወገን ነው። የሩሲያው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. መጥቶ ያደነቀው ይኸው ብዝኃነት ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ዘር በሚጠበቅበት የጂን ባንክ ተቀምጧል። ዱረም በጥቅሉ ለጨው ደካማ ቢሆንም በነባር ዘሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የወረር ማሳ ደግሞ ይህን ልዩነት ለመፈተን የተመቸ ነው፤ ጨዉን በላቦራቶሪ መጨመር አያስፈልግም።

ከወረር ሥራ ፈንታሌና አሚባራ የተባሉት የመስኖ ስንዴ ዝርያዎች ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከአካባቢው ነው። ዋና ብርታታቸው ሙቀትን መቻልና ቶሎ መድረስ ነው። ስንዴው በኅዳር አካባቢ ተዘርቶ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት መሰብሰብ አለበት። ቶሎ መድረስ ለጨውም ይረዳል፤ ሶዲየም የሚጠራቀምበትን ጊዜ ያሳጥራል። ማዕከሉ ጎን ለጎን ጨዉን በውኃ ማጠብን፣ ጂፕሰም የተባለውን ማዕድንና ጨው የሚችሉ የመኖ ሣሮችን ሞክሯል። ማጠንፈፊያ በሌለበት ግን ከየትኛውም ዝርያ ብዙ መጠበቅ አይቻልም።

ፈተናው በማሳ ላይ ሲካሄድ አድካሚ ነው። በየጥቂት መደቡ አንድ የታወቀ ዝርያ እየተደጋገመ ይዘራል፤ የጎረቤቶቹ ውጤት ከእርሱ ጋር ይነጻጸራል። አፈሩም ከየመደቡ ተቆፍሮ ለብቻው ይለካል። አንድ ዝርያ ጎበዝ ነው የሚባለው ከሥሩ ያለው ጨው ከታወቀ በኋላ ነው።