ማጠናከሪያ ምንድን ነው? ሽልማት ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ውሻ አሠለጣጠን ሲያስረዳ፣ «አዎንታዊ ማጠናከሪያ ማለት ሥጋ መስጠት ነው፤ አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት ደግሞ ገመዱን በኃይል ሳብ አድርጎ መቅጣት ነው» አለ። ብዙ ሰው አመሰገነው። በዚህ ወር ብቻ ይህን አባባል ስሰማ አራተኛዬ ነው፤ ሁለቱ የወጡት ደግሞ ከእንስሳት ሐኪሞች አፍ ነው። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአባባሉ ሁለቱም ግማሾች ስሕተት ናቸው። የባሰው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ትክክል ይመስላላ።

ማጠናከሪያ የምንሰጠው ነገር ስም አይደለም። አንድን ድርጊት ተከትሎ የሚመጣ፣ ያንን ድርጊት ወደፊት እንዲበዛ የሚያደርግ ማንኛውም ውጤት ነው። መለኪያው የባለቤቱ ቸርነት ሳይሆን የድርጊቱ መብዛት ነው። ሥጋ ሰጥታችሁት ድርጊቱ ካልበዛ፣ ሥጋው ማጠናከሪያ አልነበረም፤ ምሳ ነበር። ምንም ሳትሰጡት ድርጊቱ እየበዛ ከሄደ ደግሞ አንድ ያላያችሁት ነገር እያጠናከረው ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ጀርመን ሼፐርድ ይዘው ወደ ክሊኒኬ መጡ። ይዘው ከምል ተጎትተው ብል ይሻላል፤ ገመዱ መዳፋቸውን ልጦታል። «ዶክተር፣ ማጠናከሪያውን አላጓደልኩበትም፤ ከሽርሽር በተመለስን ቁጥር አንድ ቁራጭ ሥጋ አለው። መጎተቱን ግን አልተወም» አሉኝ።

ያ ሥጋ ያጠናከረው ነገር ቢኖር በር ገብቶ መቀመጥን ነው። መጎተቱን የሚያጠናክሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ያውም በእግራቸው። ውሻው ወደ ዛፉ ይጎትታል፤ እሳቸው ይከተላሉ፤ ዛፉ ጋ ይደርሳል። በዚያች ደቂቃ ከዛፉ ሥር ካለው ሽታ የሚበልጥ ምን ሥጋ አለ? በአንድ ሽርሽር መቶ ጊዜ ጎተተ፤ መቶ ጊዜ ተከፈለው። ቤት ሲደርስ የሚጠብቀው ቁራጭ ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። «ወራጅ አለ» ትላላችሁ፤ ሾፌሩ ይቆማል። ማንም አልሸለማችሁም፤ ነገም ግን «ወራጅ አለ» ትላላችሁ፤ ቃሉ ሠርቷልና። አሁን ሾፌሩ በዝግታ ለተናገረ የማይቆም፣ ለጮኸ ብቻ የሚቆም ይሁን። ብዙም ሳይቆይ የዚያ መስመር ደንበኛ በሙሉ ጯሂ ይሆናል። ሾፌሩም «የዘንድሮ ተሳፋሪ ሥርዓት የለውም» እያለ ያማርራል። ጩኸቱን በፍሬኑ ያስተማረው ግን ራሱ ነው። ከውሻው ጋር ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ ተሳፋሪው መቆም ይፈልጋል፣ ውሻው መሄድ። ስለዚህ ፍሬኑንና ነዳጁን ቦታ አለዋውጡና ምሳሌውን ያዙት።

ሾፌሩ አንድ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ ለጩኸት አልቆምም» ብሎ ቢወስንስ? ተሳፋሪው ወዲያው ጨዋ አይሆንም። መጀመሪያ አብዝቶ ይጮኻል፤ ቀጥሎ በሩን ይደበድባል። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ እስካሁን ሲከፈለው የነበረ ድርጊት ክፍያው ሲቋረጥበት ከመክሰሙ በፊት ይጋጋላል። ሾፌሩ በድብደባው መሐል ተሸንፎ ከቆመ ያስተማረው አዲስ ትምህርት «በር ደብድብ» የሚል ነው። ብዙ የውሻ ባለቤቶች «ሲጎትት ቆሜ ሞክሬዋለሁ፤ ጭራሽ ባሰበት» የሚሉኝ እዚህች ነጥብ ላይ ደርሰው ተመልሰው ነው። የባሕርይ ተመራማሪዎቹ ስኪነርና ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ በሰፊው እንዳሳዩት፣ የክፍያው አሰጣጥ ራሱ የድርጊቱን መልክ ይወስናል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከፈለው ድርጊት ሁልጊዜ ከሚከፈለው ይልቅ ለማጥፋት ያስቸግራል። «ዛሬ ቸኩያለሁ፣ ለአንድ ቀን ይጎትተኝ» ማለት ይህንኑ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። በጥቂቱም ቢሆን ሲላላ ሂዱ፤ ክፍያው መሄዱ ነው። ሥጋ መጨመር ከፈለጋችሁ ገመዱ ላልቶ ሳለ፣ ውሻው ከእግራችሁ አጠገብ እንዳለ፣ በዚያችው ቅጽበት ስጡት።

ሥጋ ካነሣሁ አይቀር፣ ከበግ ዕርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትስጡ። ውስጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ የትል እጭ ነው፤ ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። ቀቅሉት። ከወጥ የወጣ ሥጋም ይቅር፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል።

ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልመለስ። «አሉታዊ» የሚለው ቃል ጆሯችን ላይ «መጥፎ» ሆኖ ያርፋል፤ ግራ መጋባቱ ከዚህ ይጀምራል። እዚህ ግን ትርጉሙ የሂሳብ ነው፤ አንድ ነገር ተጨመረ ወይስ ተቀነሰ? በእኔ ቢሆን «በመጨመር ማጠናከር» እና «በመቀነስ ማጠናከር» ብዬ እተረጉመው ነበር። («መደመር» እንዳልል ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል።) አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት ደስ የማይል ነገር ስለተወገደ ድርጊቱ ሲበዛ ነው። ይበዛል፤ አይቀንስም። ድርጊቱ የሚቀንስ ከሆነ ስሙ ቅጣት ነው። ገመዱን በኃይል ሳብ ማድረግ መጎተቱን ከቀነሰው ቅጣት ነው። ዓመት ሙሉ ስባችሁት መጎተቱ ካልቀነሰ ደግሞ ቅጣት እንኳን አይደለም፤ ጠብ ነው።

ለተናጋሪው አንድ ሰበብ ላቅርብለት። ስኪነር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 «አሉታዊ ማጠናከሪያ» የሚለውን ዛሬ ቅጣት ለምንለው ነገር ተጠቅሞበታል። ግን በ1953 ዛሬ በያዘው ትርጉም ጻፈው። ሰባ ዓመት አለፈው።

እውነተኛ አሉታዊ ማጠናከሪያ ማየት የሚፈልግ ሰው የገመዱን ሌላኛውን ጫፍ ይመልከት። ውሻው ሲጎትት ገመዱ የባለቤቱን እጅ ይልጣል። ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ሲከተል ሕመሙ ይቀንሳል። ነገም ፈጥኖ ይከተላል። ሾፌሩም እንደዚያው ነው፤ ሲቆም ጩኸቱ ይቀርለታል፤ ስለዚህ ለጩኸት መቆም ልማዱ ይሆናል። በሥልጠናው ውስጥ አሉታዊ ማጠናከሪያን በትክክል የሚጠቀመው ውሻው ነው ማለት ነው፤ ሠልጣኙም ሰውየው ነው።

«ይህ የቃላት ክርክር ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ማጠናከሪያን ሽልማት ብለው ስለተረዱ ነው እኒያ እናት መፍትሔውን ከማቀዝቀዣው ውስጥ ሲፈልጉ የከረሙት። ውሾች ምግብ ሊመጣ መሆኑን በሚጠቁም ምልክት ብቻ ምራቃቸውን እንዲያዝረበርቡ ያስለመደውን ሩሲያዊ ሳይንቲስት፣ ፓቭሎቭን፣ የሚጠቅስልኝም አለ። ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው፤ ውሾቹም ማጥኛው ላይ ታስረው የቆሙ እንጂ መንገድ የሚሄዱ አልነበሩም። ስለ መጎተት የሚነግረን ጥቂት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሐኪም ነኝና። የሚጎትት ውሻ አንገቱ ላይ የታሰረ እንደሆነ የዓይኑ ውስጣዊ ግፊት ይጨምራል፤ በደረቱ ዙሪያ በሚታሰር ማሰሪያ ግን እንደማይጨምር እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ልምምዱንም ከግቢ ጀምሩ። «ሲጎትት ቁሙ» የሚለው ምክር ጥሩ ነው፤ ግን አስፋልት መሐል ወይም የሰፈር ውሾች መንጋ ሲመጣ አይሠራም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ያላሳደሰ ውሻ ደግሞ ከነጭራሹ ከበር አይውጣ።

እኒያ እናት የመጀመሪያ ቀን ከበራቸው እስከ ዋናው መንገድ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ጎረቤት «ምን ነካቸው?» ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም። በስድስተኛው ሳምንት ገመዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ክሊኒኬ ገቡ። ማታ ማታ ውሻውን የሚያወጣው ጥበቃው ነው፤ እሱ ደግሞ መቆም አይወድም። ከእሱ ጋር ሲወጣ አሁንም ይጎትታል።